ቀለም ሲበዛ ይጨልማል

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ማንም አላሳሳተኝም። ከማይክሮስኮፑ አጠገብ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት «20 ናኖሞላር» ይላል፤ እኔ ግን ቀለሙን 200 አደረግሁት። ያኔ ምክንያቴ ለራሴ አሳማኝ ነበር፤ ምስሉ ደብዘዝ አለብኝ። አሜሪካ ከመምጣቴ በፊት አሥራ አንድ ዓመት ጤና ጣቢያ ውስጥ ስላይድ ሳቀልም የኖርኩ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። በእኛ ሙያ ስላይድ ከደበዘዘ ቀለሙን በደንብ አልጠጣም ማለት ነው። መፍትሔውም ሩቅ አይደለም፤ ወይ ቀለም መጨመር፣ ወይ ደቂቃ መጨመር። ጨመርኩ።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት አልፏል። ክፍሉ ጨለማ ነው፤ የሚያበራው የኮምፒውተሩ ስክሪን ብቻ። ታቿ ስስ መስታወት በሆነ፣ ከስኒ ማስቀመጫ በማትበልጥ ክብ ሳህን ውስጥ ከሰው ቆዳ የተወሰዱ ሕዋሳት ተኝተዋል። 37 ዲግሪ ሙቀት፣ 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ስኳርና ጨው ያለበት ፈሳሽ። አሁንም ሰው ገላ ውስጥ ያሉ እንዲመስላቸው እያታለልናቸው ነው። ቀለሙ ከገባ ግማሽ ሰዓት ሆኖታል። በየሕዋሱ ውስጥ የሕዋሱ ጉልበት ማመንጫ የሆነው ማይቶኮንድሪያ እንደተተረተረ የጥጥ ልቃቂት ተዘርግቷል። ክሩ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ አንዱ ጫፍ ይሳባል፣ ከሌላው ጋር ይጋጠማል፣ መሀሉ ላይ ይበጠስና ሁለት ይሆናል። ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ አየሁት። ሙሉ ዕድሜዬን በማይክሮስኮፕ ሳይ የሚንቀሳቀስ ነገር ያየሁት ሰገራ ምርመራ ላይ ብቻ ነበር።

የቀረኝ ማረጋገጫው ነው። ኤፍሲሲፒ የሚባል መርዝ ጠብ ይደረጋል፤ መርዙ የማይቶኮንድሪያውን ኤሌክትሪክ ያፈሰዋል፤ ኤሌክትሪኩ ሲፈስ ቀለሙ የሚይዘው ስለሌለ ይወጣል፤ ክሩ ይጨልማል። ካልጨለመ መጀመሪያ ያየሁት ነገር የታመነ አይደለም ማለት ነው። በፒፔት ጠብ አደረግሁና ስክሪኑ ላይ አፈጠጥኩ።

መጨለም ቀርቶ ቦግ አለ። ሕዋሱ በሙሉ፣ ከክሩ ውጭ ያለው ባዶ ቦታ ጭምር፣ እንደ ፋኖስ በራ፤ ከዚያ ቀስ እያለ ደከመ።

ሌላ ሳህን አወጣሁ። ቦግ። ሦስተኛ። ቦግ። እውነቱን ልናገር፣ ያን ምሽት ማንም ያላየውን ነገር ያየሁ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ቪዲዮውን ለአለቃዬ ሳሳያት እስከ መጨረሻው እንኳ አላየችውም። «ስንት ነው ያደረግሽው?» አለችኝ። «ሁለት መቶ።» ሳቀች። በክፋት አልነበረም፤ ከጊዜ በኋላ እንደነገረችኝ እሷም ተማሪ ሳለች ያንኑ አድርጋለች።

ለምን እንደሳቀች ለማስረዳት ግን ወደ ጤና ጣቢያው መመለስ አለብኝ።

ጤና ጣቢያው ደብረ ብርሃን አካባቢ ነበር። የአክታ ምርመራ ያስተማሩን አንድ አንጋፋ የላብራቶሪ ሰው ነበሩ፤ ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ለማየት አክታው ስላይድ ላይ ይቀባል፣ ይደርቃል፣ በእሳት ይለበለባል፣ ቀይ ቀለም ይፈስበታል፣ ከሥሩ ይሞቃል፣ በአሲድ አልኮል ይታጠባል፣ ሰማያዊ ይደረብበታል። ከዚያ 1000 ጊዜ በሚያጎላ ሌንስ በዘይት እያዩ፣ ሰማያዊ ሜዳ ላይ ቀይ ጭረት ፍለጋ። ጋሼ «መቶ ቦታ ሳታዪ ‹የለም› እንዳትዪ» ይሉኝ ነበር። መቶ ቦታ ማየት ዓይን ያፈዛል፣ አንገት ያደርቃል።

ኋላ ላይ በኤልኢዲ መብራት የሚሠራው የፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ መጣ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የቀድሞውን አሠራር እንዲተካ መክሮ ነበር። ቀለሙ ኦራሚን ይባላል። አሁን ሜዳው ጥቁር ነው፤ ባክቴሪያው ደግሞ ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። አነስ ባለ ማጉሊያ በአንድ ጊዜ ሰፊ ቦታ ይታያል፤ ሥራው አጠረ። ጋሼ መጀመሪያ ቀን አጎንብሰው አዩና «ይሄማ የጥምቀት ዋዜማ ነው» ብለው ቀና አሉ።

ምስጢሩ ከገንዘብ መለያ መብራት አይለይም። ሱቅ ውስጥ ሐሰተኛ ብር ለመለየት ወይን ጠጅ ብርሃን የምታፈነጥቅ ትንሽ መሣሪያ አይታችሁ ታውቃላችሁ። ኖቱን ከሥሯ ሲያደርጉት በተራ ብርሃን የማይታይ ምልክት ቦግ ይላል። በኦሞ የታጠበ ነጠላ ለብሳችሁ እዚያ መብራት አጠገብ ብትቆሙም ነጠላው ሰማያዊ ሆኖ ይበራል፤ ሳሙናው ውስጥ ነጭ የሚያስመስል የሚፈካ ቀለም አለበት። አንዳንድ ሞለኪውሎች የተቀበሉትን ብርሃን ለጥቂት ናኖሰከንድ ይዘው ትንሽ ጉልበቱን ይቀንሱና በሌላ ቀለም መልሰው ይረጩታል። ሰማያዊ ሰጥቶ አረንጓዴ መቀበል፣ አረንጓዴ ሰጥቶ ብርቱካናማ መቀበል ማለት ነው። አየርላንድ የተወለደው ጆርጅ ጋብሪኤል ስቶክስ በ1852 ይህን ሲመረምር ከተጠቀመባቸው ነገሮች አንዱ የወባው መድኃኒት ኩዊኒን ነበር፤ «ፍሎረሰንስ» የሚለውንም ስም ያወጣው እሱ ነው። ማይክሮስኮፑ ላይ ያለው ማጣሪያ የሰጠነውን ብርሃን አግዶ የተመለሰልንን ብቻ ስለሚያሳልፍ ነው ሜዳው የሚጨልመው።

ግን ያ ስላይድ ላይ ያለው ሁሉ ሬሳ ነው። ለብልበን ገድለን፣ መስታወት ላይ አጣብቀን፣ ከዚያ ነው የምናቀልመው። ቀለሙ የባክቴሪያውን ሰም መሰል ሽፋን ይይዛል፤ ባክቴሪያው ይኑር አይኑር ለቀለሙ ግድ አይሰጠውም። ከሬሳ ጋር ስትሠራ ቀለም ቢበዛ የሚጎዳህ ነገር ትንሽ ነው፤ የተረፈውን ታጥበዋለህ። እኔ ወደ ሕያው ሕዋስ የመጣሁት ይህን ልማድ ተሸክሜ ነው።

ሕያው ነገር የማቅለም ሐሳብ አዲስ አይደለም። ለማይቶኮንድሪያ በ1898 «ክር» እና «ቅንጣት» ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት ስም ያወጣለት ጀርመናዊው ካርል ቤንዳ ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሌዮኖር ሚካኤሊስ ጃነስ ግሪን የሚባል ቀለም ሕያው ሕዋስ ላይ ሲጨምር ማይቶኮንድሪያው ብቻ ሰማያዊ አረንጓዴ ሆኖ ቀረ። ሚካኤሊስ ኋላ ወደ ጃፓን፣ ከዚያም በ1926 እኔ ወደምሠራባት ወደ ባልቲሞር መጣ። (የፀጉር ፐርም መሠረት የሆነውን የኬሚስትሪ ሥራም የሠራው እሱ ነው። ፐርም የተሠራች ሁሉ ሳታውቀው የእሱ ደንበኛ ናት።) እዚሁ ባልቲሞር ውስጥ ማርጋሬት እና ዋረን ሉዊስ የተባሉ ባልና ሚስት በ1915 ባወጡት ጽሑፍ ከጫጩት ፅንስ የወሰዱት ሕዋስ ውስጥ ማይቶኮንድሪያ ሲጣመም፣ ሲቆረጥና ሲጋጠም ማየታቸውን ጽፈዋል። ምንም ፍሎረሰንስ ሳይኖር፣ በዓይን። እኔ በዚያ ምሽት በብዙ ሺህ ዶላር ካሜራ ያየሁትን ነበር ያዩት። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ትምህርት ቤት የተማርነው ባቄላ መሰል ምስል ነገሠ፤ የመጣውም ከተቆራረጠ የሞተ ሕዋስ ነው። ክሩን ሲቆርጡት ባቄላ ይመስላል።

አሁን ወደ ኤሌክትሪኩ ልምጣ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው።

የማይቶኮንድሪያ የውስጠኛው ሽፋን ግድብ ነው። ከበላነው ምግብ የሚገኘው ጉልበት ፕሮቶን የሚባሉ ፖዘቲቭ ቅንጣቶችን ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋል፤ እነሱም እንደ ክረምት ውሃ ከግድቡ ጀርባ ይጠራቀማሉ። መመለሻቸው በተርባይን በኩል ነው። ተርባይኑ ሲዞር ኤቲፒ ይሠራል፤ ኤቲፒ ደግሞ ሕዋሱ ለሁሉም ሥራው የሚመነዝረው ዝርዝር ብር ነው። ተርባይን ያልኩት ለማሳመር አይደለም፤ በትክክል ይሽከረከራል። ጃፓናውያን ተመራማሪዎች በ1997 የሚፈካ የፕሮቲን ክር ጫፉ ላይ አስረው ሲዞር በማይክሮስኮፕ አሳይተዋል። የግድቡን ሐሳብ ያመጣው እንግሊዛዊው ፒተር ሚቸል ነው፤ በ1961 ሲያቀርበው ብዙዎቹ የሙያ ባልደረቦቹ አልተቀበሉትም። እሱ ኮርንዎል ውስጥ አንድ አሮጌ ቤት አሳድሶ የራሱን ትንሽ ላብራቶሪ ከፈተና ሥራውን ቀጠለ። በ1978 የኬሚስትሪ ኖቤልን ብቻውን ወሰደ።

ውጭው ፖዘቲቭ ሲሆን ውስጡ ኔጌቲቭ ይሆናል። ልዩነቱ ከ150 እስከ 180 ሚሊቮልት ይደርሳል። ይህ የአንድ ባትሪ ድንጋይ አንድ አሥረኛ ነው፤ ሲሰሙት ትንሽ ነው። ነገር ግን ሽፋኑ ውፍረቱ ጥቂት ናኖሜትር ነው። ቮልቱን ለውፍረቱ ሲያካፍሉት በሜትር ወደ 30 ሚሊዮን ቮልት ይመጣል። ደረቅ አየር በሜትር 3 ሚሊዮን ገደማ ሲደርስበት ነው መብረቅ የሚሰነጥቀው። በእያንዳንዳችን ገላ ውስጥ፣ ከቀይ የደም ሕዋስ በስተቀር በሁሉም ሕዋስ ለማለት ይቻላል፣ ይህ አለ።

እንግዲህ ስብ ውስጥ ማለፍ የሚችል፣ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው የሚፈካ ቀለም እዚያ አካባቢ ብታስቀምጡ ምን ይሆናል? ኔጌቲቩ ይጠራዋል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በየ60 ሚሊቮልቱ አሥር እጥፍ ይጠራቀማል። 180 ከሆነ ሺህ እጥፍ። ቀለሙን የሚይዘው ሙጫም ሰምም አይደለም፤ ሕይወት ያለው ሕዋስ እየሠራ መሆኑ ነው። ሕዋሱ ሲሞት ቀለሙ ይወጣል። ጤና ጣቢያ ካቀለምኩት የሚለየው በዚህ ነው፤ እዚያ ቀለሙ «አለ» ወይም «የለም» ይላል፤ እዚህ ግን «ስንት ነው» ይላል። ቀለም ሳይሆን የቮልት መለኪያ ነው ቢባል ይቀላል።

ይህን በር በሰፊው የከፈተው በ1980 ቦስተን ውስጥ ሊንከን ጆንሰን፣ ማርሻ ዋልሽ እና ላን ቦ ቼን ያወጡት ጽሑፍ ነው፤ ሮዳሚን 123 የተባለውን ቀለም ሕያው ሕዋስ ላይ ጨምረው ማይቶኮንድሪያውን ለይቶ ሲያበራ አሳዩ። የሮዳሚን ቤተሰብ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀርመን ውስጥ ለማቅለሚያ የተሠራ ነው። እኔ የምጠቀምበት ቲኤምአርኤም የዚሁ ቤተሰብ ልጅ ነው። በጠርሙስ ሲቀመጥ ለሞሰብ ስፌት የተነከረ አክርማ የመሰለ ደማቅ ሮዝ ነው። መጀመሪያ ሳየው ደስ ያለኝም ለዚህ ይመስለኛል፤ እናቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ስትሰፋ ትዝ አለችኝ።

ሌሎችም አሉ፤ ሁሉንም መዘርዘር አልፈልግም። ሚቶትራከር የሚባሉት አብዛኞቹ በቮልቱ ተስበው ይገቡና ፕሮቲን ላይ ይጣበቃሉ፤ ስለዚህ ሕዋሱን ገድለህ አድርቀህ ነገ ብታየውም ቀለሙ እዚያው ነው። ፎቶ ለማንሳት ይመቻል፤ ቮልቱ ከዚያ በኋላ ቢወርድ ግን አይነግርህም፤ አንዴ ከተጣበቀ ተጣበቀ። ጄሲ-1 የሚባለው ደግሞ ሲያንስ አረንጓዴ፣ ሲጠራቀም ቀይ ይሆናል። መጽሔት ሽፋን ላይ የምታዩት ቀይና አረንጓዴ ሕዋስ ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። እኔ አልወደውም። ቀዩ የሚመጣው ሞለኪውሎቹ ተደራርበው ሲቆለሉ ነው፤ ቁልሉ ለመሥራትም ለመፍረስም ጊዜ ይፈልጋል፤ ቀለም ትንሽ ሲበዛ ደግሞ ቮልቱ ሳይቀየር ቀይ ይጨምራል። ያማረ ፎቶ ያወጣል፤ እኔ ግን ላምነው አልችልም።

ከቀለም ሌላ መንገድም አለ። ኦሳሙ ሺሞሙራ በ1962 ከጄሊፊሽ ያገኘው አረንጓዴ የሚፈካ ፕሮቲን በ2008 ለሦስት ሰዎች ኖቤል አስገኝቷል። በ1995 የጣሊያኑ ሮዛሪዮ ሪዙቶ ቡድን የዚህን ፕሮቲን ዘረመል አድራሻ ጽፎለት ወደ ማይቶኮንድሪያ ላከው፤ ሕዋሱ ራሱ ሠርቶ ራሱ ያበራል። ይህ የቤት ቁጥር እንደ መለጠፍ ነው። ቤቱ የት እንዳለ ያሳያል፤ ውስጡ መብራት ይኑር አይኑር ግን ቁጥሩ አይናገርም። ቅርጹንና እንቅስቃሴውን ለሰዓታት ለመከታተል ከቀለም ይሻላል፤ ቮልት ለማወቅ አይሆንም።

እና ያ ቦግታ? አለቃዬ እንዲህ አስረዳችኝ፤ ምሳሌው ግን የእኔ ነው። ጠባብ ክፍል ውስጥ አምሳ ሰው ቢገባ እስክስታ የሚመታ የለም። ትከሻ የሚያንቀሳቅስበት ቦታ የለውም፤ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፣ ይሞቃቸዋል፣ በቃ። 200 ናኖሞላር ሳደርግ ማይቶኮንድሪያው ውስጥ የገቡት ሞለኪውሎች እንደዚያ ሆነዋል። ከመጠን በላይ ሲቀራረቡ አንዱ የያዘውን ጉልበት በብርሃን መልክ ሳይረጭ በሙቀት ያባክነዋል። ስለዚህ ክሩ ውስጥ ካለው ቀለም ብዙው ጨልሞ ነበር፤ ያየሁት የተረፈውን ነው። መርዙ በሩን ሲከፍተው ሁሉም ወደ ግቢው ወጡ፤ ሰፊ ቦታ አገኙ፤ እስክስታው ጀመረ። ቦግታው ያ ነው። ከዚያ ከግቢውም እየወጡ ሲሄዱ ሕዋሱ ደከመ። ማይቶኮንድሪያው በወረቀቱ እንደተጻፈው ቮልቱን አጥቷል፤ ብርሃኑ ግን ተቃራኒውን ተናገረ።

አውቀው በብዛት የሚጠቀሙ እንዳሉም ልናገር። ቮልቱ በቅጽበት ሲወርድ ለመያዝ ያ ቦግታ ይጠቅማል፤ የራሱ ስምና ሥርዓት ያለው አሠራር ነው። ልዩነቱ እነሱ የትኛውን እንደሚጠቀሙ ያውቃሉ፤ እኔ አላወቅሁም። ያን ቪዲዮ ኤፍሲሲፒ ሳልጨምር ለአንድ ሰው ባሳየው ኖሮ ደግሞ ማንም ስህተቴን አያውቅም ነበር፤ ምስሉ ቆንጆ ነው።

በማግስቱ በ20 ደገምኩት። ምስሉ ደብዛዛ ነበር። መርዙን ጠብ ሳደርግ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ጨለመ።

ሌላም ጣጣ አለ፤ ብርሃኑ። ጤና ጣቢያ እያለን ኦራሚን ስላይድ ረጅም ሰዓት መብራት ላይ ከቆየ ይደበዝዛል፤ ለዚህ ነው በጊዜ አንብቡ የምንባለው። ሕያው ሕዋስ ላይ ግን ቀለሙ ብቻ አይደለም የሚጎዳው። ቀለም ብርሃን ሲያርፍበት አንዳንድ ጊዜ ጉልበቱን ለኦክስጅን ይሰጠዋል፤ ኦክስጅኑ ይከፋል፤ አጠገቡ ያገኘውን ይቆርጣል። አጠገቡ ያለው ደግሞ ማይቶኮንድሪያው ነው። መብራቱን ጨምሬ በየሰከንዱ ሳነሳ ያ ረጅም ክር ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ እንደ ተበጠሰ ዶቃ ክብ ክብ ሆኖ ሲበታተን አይቻለሁ። ይህን ያየ ሰው «ሕዋሱ ታሟል» ሊል ይችላል። አዎ ታሟል፤ ያሳመምነው እኛ ነን። ስለዚህ የእኛ ሥራ ጥበቡ ማሳነስ ነው፤ ትንሽ ቀለም፣ ትንሽ ብርሃን፣ ጥቂት ፎቶ፣ ብዙ ትዕግሥት። በዘመናችን ስቴፋን ሄል የተባለ ተመራማሪ በፈጠረው ዘዴ የማይቶኮንድሪያውን የውስጥ እጥፋት ሳይቀር በሕያው ሕዋስ ውስጥ ማየት ተችሏል፤ እሱ ግን ጠንካራ ብርሃን ስለሚፈልግ ቀለም ሠሪዎቹ የሚደክሙት ብርሃኑን የሚቋቋምና ሕዋሱን የማይጎዳ ቀለም ፍለጋ ነው።

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ከምኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማይርቀው ቤተስዳ ከተማ፣ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ውስጥ፣ ዴሪክ ናሬንድራ፣ ሪቻርድ ዩል እና ባልደረቦቻቸው በ2008 አንድ ነገር አሳዩ። ፓርኪን የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ዘረመሉ ሲበላሽ በወጣትነት የሚጀምር የፓርኪንሰን በሽታ ያመጣል። ፕሮቲኑን አብርተው፣ የኤፍሲሲፒ ወንድም በሆነ መርዝ የማይቶኮንድሪያውን ቮልት ሲያፈሱት ተበትኖ የነበረው ፓርኪን ቮልት ባጡት ላይ ሄዶ ተሰበሰበ። ከዚያ ሕዋሱ እነዚያን ማይቶኮንድሪያዎች ዋጣቸው። ሕዋሱ የደከመውን ከበረታው የሚለየው እኛ በምንለካው በዚያው ቮልት ነው። የሚንቀጠቀጥ እጅ ያላቸው አባት ወይም እናት ያላችሁ ሰዎች ይህ ወሬ የሩቅ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ፤ ከዚህ ግኝት ግን ገና መድኃኒት አልወጣም፤ አለ ብዬ ላስጎመጃችሁ አልፈልግም።

ባለፈው ክረምት ጋሼ ልጃቸውን ሊጠይቁ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ መጡ። ደረጃ ሲወጡ ደረታቸውን ይይዛቸው ነበርና ልጃቸው ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው፤ የልብ ፎቶ ታዘዘ። ከምርመራው ሲወጡ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ክንዴ ላይ የሆነ ነገር ወጉኝ። ወረቀቱ ሴስታሚቢ ይላል። ቀለም ነው?»

«ቀለም አይደለም ጋሼ። ግን የገባው እኔ ሁልጊዜ በምጠቀምበት በር ነው።»

እውነቴን ነው። ሴስታሚቢ ቴክኒሺየም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የተሸከመ፣ ስብ የሚወድ፣ ፖዘቲቭ ሞለኪውል ነው። ደም ይዞት ወደ ልብ ጡንቻ ይደርሳል፤ የልብ ጡንቻ ደግሞ በማይቶኮንድሪያ የታጨቀ ነው፤ ቮልቱ ስቦ ያስቀረዋል። የሚያየው ዓይን አይደለም፣ የጨረር ካሜራ ነው፤ ሥርዓቱ ግን ያው ነው። አንዴ ልብ ሲሠራ፣ አንዴ ሲያርፍ ይነሳል። ሲሠራ ጠቁሮ ሲያርፍ የሚመለስ ቦታ ካለ ደም ሥሩ ጠቧል ማለት ነው፤ በሁለቱም ከጠቆረ ብዙውን ጊዜ ጡንቻው ሞቷል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ አስረዳኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «ያን ጊዜ ስለ ሁለት መቶው በስልክ የነገርሽኝን አስታወስኩ» አሉ። «አብዝተውብኝ እንዳይሆን?»

«አላበዙብዎትም ጋሼ። ከእኔ ቀለም ያነሰ ነው።»

«ፎቶውን ሲሰጡኝ ይዤ እመጣለሁ፤ አብረን እናነበዋለን» አሉኝ።

የቴክኒሺየሙ ጨረር በየስድስት ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ እኛ ፎቶውን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ስናየው ከገላቸው ጠፍቶ ነበር። ሁለቱን ምስል ጎን ለጎን አድርገው፣ መነጽራቸውን አውልቀው፣ እንደ ጥንቱ ከግራ ወደ ቀኝ ቦታ እየቆጠሩ አነበቡት። በሁለቱም ላይ ልባቸው ዙሪያውን እኩል በርቷል።